የብቸናን ቤት የቆጠረው ደምለው

ደምለው ውበቴ የመኖሪያ ቤት ጥናት ሠራተኛ ነበር፤ ቤት አልነበረውም። የሥራ ዕድልም ያጠና ነበር፤ ቋሚ ሥራ አልነበረውም። ይህን የምለው ልቀልድበት ብዬ አይደለም። በብቸና አውራጃ ለቦታው ከእሱ የበለጠ የሚስማማ ሰው አልነበረም። ሌላው ችግሩን ከወረቀት ሲያነብ እሱ ከውስጡ ይነሣ ነበር።

የሚያድረው ከሚስቱ ከማናለሽ ጋር በአማቱ በወይዘሮ ይርጋነሽ ቤት ነው። ቤቱ አንድ ክፍል ሲሆን መሐሉን የአቡጀዲ መጋረጃ ይከፍለዋል። ከመጋረጃው ወዲህ ባልና ሚስት፣ ከመጋረጃው ወዲያ አማት። ደምለው ሲያስነጥስ ከወዲያ ማዶ «ይማርህ» ይባላል። በዚህ ዓይነት አምስት ዓመት ተኖረ። ልጅ አልተወለደም፤ የሚያስገርምም አይደለም።

ሰውየው ከደጀን ወዲህ ካለ የገጠር ደብር የመጣ ነው። ቅኔ ቤት አራት ዓመት ቆይቶ መምህሩ «አንተስ እጅህ ጥሩ ነው፤ ጻፍ፤ ማሰቡን ለሌላ ተው» ብለው በምርቃት አሰናበቱት። ብቸና ገባና በአውራጃው ጽሕፈት ቤት በጊዜያዊ ጸሐፊነት ተቀጠረ። ጊዜያዊ ማለት በየሦስት ወሩ መጨረሻ የሚሰናበትና በማግስቱ እንደ አዲስ የሚቀጠር ማለት ነው። እንዲህ እያለ ዘጠኝ ዓመት በጊዜያዊነት ቆየ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሠላሳ ስድስት ጊዜ ተባርሯል፤ አንድም ቀን ግን ከሥራ አልቀረም።

ቋሚ መሆን የፈለገው ለክብሩ አልነበረም። ደንቡ ቤት የሌለው ቋሚ ሠራተኛ ከማዘጋጃ ቤት የመኖሪያ ቦታ ይመራ ይል ነበር። ጊዜያዊ ሠራተኛ ግን ቢሞትም ቦታ የሚሰጠው ቤተ ክርስቲያን ነው። ስለዚህ በደምለውና በራሱ ጣራ መካከል የቀረው አንዲት ፊርማ ነበረች።

በ፲፱፻፷፪ ዓ.ም. በጥቅምት ወር የዕድገት ጥናት ጽሕፈት ቤት የሚባል ነገር በብቸና ተከፈተ። ኃላፊው አቶ ኃይለ ሚካኤል ከአዲስ አበባ በላንድሮቨር መጣ። ውጭ አገር ሁለት ዓመት የተማረ ኤክስፐርት ነው። ፕላኑን ይዞ ነው የመጣው። ፕላኑ በሁለት ቀለም ታትሞ በላስቲክ ተሸፍኗል። በብቸናና በሞጣ በአሥር ዓመት ውስጥ ስንት ቤት እንደሚሠራ፣ ስንት ሥራ ፈት ሥራ እንደሚይዝ፣ የዘይት መጭመቂያው በየትኛው ሜዳ ላይ እንደሚቆም ሁሉ ተጽፎበታል። እኛ ያልተማርነው መጀመሪያ ይጠናል፣ ከዚያ ይታቀዳል ይመስለን ነበር። ደምለውም እንደኛው ስለሆነ ጠየቀ።

«ጌታዬ፣ ፕላኑ ካለቀ እኔ የማጠናው ምንድነው?»

«ደጋፊ ጥናት ነው የምታጠናው» አለ ኤክስፐርቱ። «ፕላኑን የሚደግፍ።»

«ባይደግፈውስ?»

«እንግዲያ ደጋፊ ጥናት አይባልማ።»

ደምለው ይህን በማስታወሻው ጻፈ። አቶ ኃይለ ሚካኤልም የሁለቱን ከተሞች ቤትና ነዋሪ፣ ሠራተኛና ሥራ ፈት እስከ ፋሲካ ድረስ ቆጥሮ ካስረከበ የቋሚነት ደብዳቤው እንደሚፈረምለት በሰው ፊት ተናገረ። ደምለው የዚያን ዕለት ወደ ቤቱ ሲሄድ የተለመደውን መንገድ ትቶ በማዘጋጃ ቤቱ ሜዳ በኩል ዞረ። ሜዳውን በእርምጃ ለካው።

ቆጠራው በማግስቱ ተጀመረ። እዚህ ላይ ለሩቅ አንባቢ አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። በግብር ምክንያት በምሥራቅ ጎጃም ጥይት ከተተኮሰ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ወረቀትና እርሳስ ይዞ በር ላይ የቆመ ሰው ለምን እንደመጣ ለሕዝቡ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ሕዝቡ ያውቃል። መንግሥት ስንት ቤት አላችሁ ብሎ የሚጠይቀው ሊጨምርላቸው ነው ብሎ የሚያምን ሰው በብቸና አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ቆጣሪው ነው።

መጀመሪያ የደረሰው ጠላ ሻጯ ሀብትነሽ ደጃፍ ነው። ሀብትነሽ ግድግዳዋን ተደግፋ ተቀምጣለች።

«ይህ ቤት የማነው?» አለ ደምለው።

«የቱ?»

«ይህ፤ የተደገፉት።»

«እኔ እንጃ። ሳልፍ ደክሞኝ ነው አረፍ ያልሁት።»

«ኧረ እትዬ ሀብትነሽ! ትናንት እዚሁ ጠጥቼ የለም እንዴ?»

«እሱማ የሰው አደራ ነው የጠጣኸው።»

«እሺ ይሁን። ሥራዎ ምንድነው?»

«አደራ መጠበቅ።»

ደምለው በፎርሙ ላይ «ጥበቃ» ብሎ ጻፈ። በአንድ ሳምንት ሁለት መቶ በር አንኳኳ። ባለቤት የተገኘላቸው አሥራ አንድ ቤቶች ብቻ ናቸው። የአሥራ አንዱ ባለቤቶችም ቢሆኑ በርስት ከወንድማቸው ጋር የሚካሰሱ ሰዎች ሆነው፣ ስማቸው በመንግሥት ወረቀት ላይ እንዲሰፍር ስለፈለጉ ራሳቸው እጁን ይዘው ያስገቡት ናቸው። በተረፈ በጥናቱ መሠረት ብቸና በመንገደኞች የተሞላ ባዶ ሜዳ ነበረች።

ቅዳሜ ከሰዓት ደምለው ፎርሙን ታቅፎ ከመጋረጃው ወዲህ ተቀመጠ። ወይዘሮ ይርጋነሽ ባቄላ እየለቀሙ በመጋረጃው ውስጥ ተናገሩት።

«አንተ ሰው፣ እውነት የሚነግርህ ይመስልሃል?»

«ለዕድገት እኮ ነው፣ እመይቴ።»

«ለዕድገት! ይህ ሕዝብ እውነት የሚናገረው ለነፍስ አባቱ ብቻ ነው። ለእሱም የሚናገረው ሲታመም ነው።»

አማቲቱ ይህን ያሉት ለስድብ ነው። ደምለው ግን ብድግ አለ። የነፍስ አባት! በዚህ አገር የነፍስ አባት የሌለው ቤት የለም። ቄሱ በየወሩ ጠበል ሊረጭ ይገባል፤ ማን ከየት እንደሚተኛ ያያል፤ ማን ሠርቶ እንደሚበላና ማን ቁጭ ብሎ እንደሚበላ ያውቃል። የከተማው ሰው ከመንግሥት የደበቀው ሁሉ በቄሶች ራስ ላይ ተከማችቷል። ሰኞ ማለዳ ፎርሙን ይዞ ወደ ቄስ አካለ ወልድ ሄደ።

ቄስ አካለ ወልድ ከቅዳሴ ወጥተው ዋርካ ሥር ተቀምጠው ነበር።

«የንስሐ ልጆችዎን በየቤታቸው ይንገሩኝ፣ አባ» አላቸው።

«ኃጢአታቸውን ጭምር?»

«የለም፣ ቁጥራቸውን ብቻ።»

«ታዲያ ምኑ ነው የሚጠናው?» አሉና ቄሱ ጥቂት አሰቡ። «ለግብር ነው?»

«ለቤትና ለሥራ ነው። በቅዱስ ስሙ እምላለሁ።»

«አትማል፤ ብቻ ስማቸውን አልሰጥህም። የክርስትና ስማቸውን ከሆነ እነግርሃለሁ፤ በሱ ግብር ጠያቂ አያገኛቸውም።»

ዘዴው እንዲህ ተገኘ። «የወልደ ኪዳን ቤት፣ አምስት ነፍስ፣ ሁለት ሥራ ፈት» እየተባለ ተነገረ፤ ደምለው ጻፈ። የቄስ አካለ ወልድ ወሬ ሲሰማ ሌሎቹም ቄሶች ተናገሩ። አንድ ቄስ ባለፈው ዓመት የሞተ ሰው ጨምረው ነበር። ለምን ሲባሉ «ተዝካሩ ገና ነው» አሉ። በስድስት ሳምንት ውስጥ ሠላሳ አራት የነፍስ አባቶች የንስሐ ልጆቻቸውን ቤት ዘርዝረው ጨረሱ። የደምለው የራሱ የነፍስ አባት እንኳ ከገጠር ለገበያ ሲመጡ «የገብረ ሕይወት ቤት፣ ሦስት ነፍስ፣ የመንግሥት ሠራተኛ» ብለው አስመዘገቡ። ገብረ ሕይወት የደምለው የክርስትና ስም ነው። አባወራ ተብሎ በወረቀት ላይ የሰፈረው በዕድሜው ያን ጊዜ ብቻ ስለሆነ መስመሩን ከሌላው ደመቅ አድርጎ ጻፋት።

ድምሩ ሲወጣ በብቸና አንድ ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ተገኘ። ሰፊው ሕዝብ ከዚያ በፊት ይህን ያህል ሰፍቶ አያውቅም። አቶ ኃይለ ሚካኤል ቁጥሩን ከፕላኑ ጋር አስተያይቶ ከወንበሩ ተነሣ።

«ገጠመ!» አለ። «በሁለት ቤት ብቻ ነው የተለያየው። ሁለቱን እኔ አስተካክላለሁ።»

ጥናቱ በታኅሣሥ ወር ማኅተም ተመቶበት ወደ አዲስ አበባ ሄደ። የምስጋና ደብዳቤ መጣ። የደምለው የቋሚነት ደብዳቤም በታይፕ ተጽፎ በኤክስፐርቱ መሳቢያ ውስጥ ገባ። የቀረው ሞጣ ነው። ማናለሽ የራሷን ቤት በር በየትኛው በኩል እንደምታስወጣ መናገር ጀመረች። ወይዘሮ ይርጋነሽም መጋረጃውን ሲያወርዱት ለምን እንደሚያደርጉት አስበው፣ ለነጠላ ሳሳ ይላል፣ ለአንሶላ ግን ይሆናል ብለው ወስነው ነበር።

በጥር ወር ደምለው ሞጣ ወረደ። ዘዴውን አውቆታልና በር አላንኳኳም፤ በቀጥታ ወደ ቄስ ጓዴ ሄደ። ቄስ ጓዴ ንግግር የማያበዙ፣ ጥያቄ ግን የሚያበዙ ሰው ናቸው።

«ብቸና ላይ እንዴት አድርገህ ቆጠርህ?»

«ሁሉንም የነፍስ አባቶች ጠይቄ፣ አባ። አንድም አልቀረኝ።»

«የወንዶቹንም የሴቶቹንም?»

«ሁሉንም አልሁዎት እኮ።»

«ብቸና ሴት ስታገባ የባሏን የነፍስ አባት ትይዛለች?»

«ኧረ የለም! የአባቷን ቤት ቄስ ማን ያስጥላታል? አልጋዋን ነው የምትለውጥ።»

«እዚህም እንደዚያው ነው» አሉ ቄስ ጓዴ። ከዚያ ጭራቸውን አንዴ ወዘወዙ። «እንግዲህ ባልየው ቄስ አለው፤ ቤቱን ያውቃል። ሚስቲቱ ሌላ ቄስ አላት፤ ያንኑ ቤት ያውቃል። አንደኛው በባልየው ስም ነገረህ፤ ሁለተኛው በሚስቲቱ ስም ነገረህ።»

ደምለው የያዘውን ፎርም አጠፈ።

«ስንት ቤት ነው ያገኘኸው?»

«አንድ ሺህ…» ብሎ ቀረ።

ከሞጣ ወደ ብቸና በጭነት መኪና የጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ተመለሰ። ደብረ ወርቅ ላይ መኪናው ቆሞ ሰው ሁሉ ምሳ ሲበላ እሱ ከጆንያው አልወረደም። ቤቱ እንደደረሰ መዝገቡን ከፈተና ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ማናለሽ አጠገቡ ነበረች፤ አማቲቱ በተለመደው ቦታቸው። ከቄስ አካለ ወልድ ዝርዝር ውስጥ እዚህ መስመር ላይ ደረሰ፤

«የወለተ ገብርኤል ቤት። ከጠጅ ቤቱ በላይ፣ ደጃፉ ብሳና ያለበት። ሦስት ነፍስ። እናት፣ ልጅና ሥራ ፈት አማች።» ራሱን ነቀነቀ። «ምስኪን ሴትዮ! በዚህ ላይ አማቿ ሥራ ፈት?»

«እኔ ነኛ!» አሉ ወይዘሮ ይርጋነሽ።

መጋረጃው ተገለጠ። አማቲቱ ወንፊት ይዘው ቆመዋል። ደጃፋቸው ላይ ያለው ብሳና በበሩ ይታያል።

«ወለተ ገብርኤል እርስዎ ነዎት?»

«አምስት ዓመት ስታድር ስሜን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

መስመሯን የጻፋት በገዛ እጁ ነው። ሲጽፍ ግን አላሰበም፤ መምህሩ እንደመከሩት ማሰቡን ለሌላ ትቶታል። አሁን ሁለቱን መስመሮች ጎን ለጎን አደረጋቸው። ያው አንድ ክፍል ቤት፣ ያው ሦስት ሰው። በአንደኛው አባወራና የመንግሥት ሠራተኛ፤ በሁለተኛው ሥራ ፈት አማች። ጣራ የሌለው ሰው በመንግሥት ሰነድ ላይ በሁለት ቤት ይኖር ነበር።

«አፍህን ያዝ» አለች ማናለሽ ወዲያው። «ሁለት ጊዜ በመቆጠሬ ምን ተጎዳሁ?»

«ሐሰት እኮ ነው፣ ማናለሽ።»

«ደብዳቤው ተጽፏል ብለኸኛል። ይፈረም፤ ቦታህን ተመራ፤ ቤቱን ሥራ። ከዚያ በኋላ ከፈለግህ እውነቱን በራስህ በር ላይ ቁመህ ተናገር።»

«እሷ እንዳለችው» አሉ አማቲቱ። «ለእኔም አንድ ጊዜ ከቤቴ ውጣልኝ፤ ሁለት ሆነህም ቢሆን ውጣ።»

አስተዋይ ሰው ሁለቱን ሴቶች ይሰማ ነበር። ደምለው ግን ጥናት ማለት እውነት መፈለግ ይመስለው ነበር፤ ይህን በሽታ ከየት እንደያዘው አይታወቅም። ሦስት ሳምንት በየቄሱ እየዞረ የባልን ስም ከሚስት ስም ጋር አጋባ። ብቸና ውስጥ ስድስት መቶ ሰባ አንድ ቤት ቀረ። ከዚያም ካፖርቱን ቦርሾ አቶ ኃይለ ሚካኤል ዘንድ ገባ።

ኤክስፐርቱ እስከ መጨረሻው ሰማው። ሲጨርስ መሳቢያውን ስቦ ደብዳቤውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ይህን ታየዋለህ?»

«አየዋለሁ ጌታዬ።»

«የጎደለው ፊርማ ነው። ብዕሬም ይኸው። ሁለት ጊዜ ተቆጠርን ብሎ ያመለከተ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ አንተ ምን ቆርጦህ ነው?»

«ቤቱ ሲሠራ የሚገባበት ሰው ይታጣል፣ ጌታዬ።»

«ያኔ ይጠናል።»

«የዘይት መጭመቂያውም ሥራ ፈት ብሎ ሲጣራ፣ አንዱ ሁለት ሆኖ አይመጣም።»

አቶ ኃይለ ሚካኤል መሳቢያውን መልሶ ዘጋ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የቢሮ ሰው ነው። «የእርማት ፎርም አለ» አለ በመጨረሻ። «ከሞላኸው ማስተላለፍ ግዴታዬ ነው። ካልሞላኸው አላየሁህም።»

ደብዳቤው እዚያው ነው። ብዕሩም እዚያው ነው። ደምለው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ስሙ በትክክል ተጽፏል። ከዚያ ብዕሩን አንሥቶ የእርማት ፎርሙን ሞላ። ፎርሙ ሦስት ዓምድ ብቻ ነበረው፤ «ቀድሞ»፣ «አሁን» እና «ለውጥ በመቶኛ»። ስሕተት የሚባል ዓምድ የለውም። በዓፄው መንግሥት ቢሮ ለውጥ እንጂ ስሕተት አልታሰበም።

መልሱ በሰኔ መጣ። እንዲህ ይላል፤ «የብቸና ከተማ ነዋሪ በጥቂት ወራት ውስጥ ከመቶ አርባ ዘጠኝ እጅ የቀነሰ መሆኑን በጥሞና ተመልክተናል። ሕዝቡ በዚህ ፍጥነት የሚቀንስ ከሆነ በዓመቱ መጨረሻ የሚቀር ስለማይኖር፣ የቤትና የሥራ ዕድገት ፕላኑ ተሰርዟል። ዕድገት ስለሌለም የዕድገት ጥናት ጽሕፈት ቤቱ ተዘግቷል። የጠፋውን ሕዝብ ጉዳይ የሚያጣራ መርማሪ ይላካል።»

አቶ ኃይለ ሚካኤል ይህን ታላቅ መቅሠፍት ቀድሞ ስላስታወቀ ማዕረግ ተጨምሮለት ተዛወረ። የደምለው ደብዳቤ ሳይፈረም ከነመሳቢያው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ገባ። ራሱ ደምለውም ለሠላሳ ሰባተኛ ጊዜ ተባረረ፤ በማግስቱ ግን የሚቀጥረው አልነበረም። ማናለሽ ለሁለት ሳምንት አላነጋገረችውም። በአንድ ክፍል ቤት፣ ከአንድ መጋረጃ ወዲህ፣ ይህ ቀላል ሥራ አይደለም።

መርማሪው በሐምሌ ደረሰ። ጭቃ የለበሰ ቦት ጫማ ያደረገ፣ በሽታ ፍለጋ የመጣ ሰው ነው። ከየቤቱ የጠፉትን ለመመዝገብ ሁለቱንም ዝርዝር ይዞ ከዳር ጀመረ፤ ዳር ያለው የወይዘሮ ይርጋነሽ ቤት ነው። ደምለው መደቡ ላይ ተቀምጧል።

«በዚህ ቤት በታኅሣሥ ስድስት ሰው ነበር» አለ መርማሪው። «አሁን ሦስት ነው። ሦስቱ የት ሄዱ?»

ወይዘሮ ይርጋነሽ ደምለውን አዩት። ከዚያ መርማሪውን አዩት። ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

«ምን እነግርሃለሁ ልጄ» አሉ። «እኔን የመሰለች አንዲት ሴት ነበረች። ልጅም ነበረቻት። ጠንካራ፣ ሠራተኛ አማች ነበራት፤ እንደዚህ እንዳለው አይደለም።»

«ታመሙ?»

«ድንገት ነው የጠፉብን።»

መርማሪው ጻፈ። ደምለው «ጌታዬ፣ እነሱ እኮ…» ብሎ ሲጀምር ማናለሽ ክርኗን ጎኑ ውስጥ ሰካችው። በዘጠኝ ዓመት የመንግሥት ሥራ ያልገባው ነገር በዚያች ክርን ገባው። ዝም አለ።

«ስድስት መቶ አርባ አንድ ቤት ጠፍቷል» አለ መርማሪው ወረቀቱን እያገላበጠ። «ሰዎቹን አንድ በአንድ ፈልጌ ሳላገኝ መዝገቡን መዝጋት አልችልም። አገሩን የሚያውቅ፣ ጽሕፈት የሚችል ሰው እፈልጋለሁ።»

«እኔ አለሁ» አለ ደምለው።

መርማሪው የቅጥር ወረቀት አውጥቶ ሞላ፤ ደምለው ፈረመ። መርማሪው ወደ ሀብትነሽ ደጃፍ ሲያቀና ደምለው ዘንጉን አንሥቶ ሊከተለው ተነሣ። ማናለሽ በሩ ላይ ያዘችው። ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

«ይኼስ ጊዜያዊ ነው?»

«የጠፉት እስኪገኙ ድረስ ይላል።»

ማናለሽ አሰበች። መንገዱን ለቀቀችለት።

«እንግዲያ ቦታ ጠይቅበት» አለችው።